ባንች «አይ» ስትል

ባንች አለቃችን ልትሆን ጥቂት ቀርቷት ሹመቱ በገዛ ጨዋነቷ ሊያመልጣት ነበር። ነገሩን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

የምንሠራው እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ ውስጥ፣ የሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ በሚያጥብ ድርጅት ነው። ዶራ ከሚባለው ሰፈር በአውቶቡስ የምንመጣ ሐበሻ ሴቶች እንበዛለን። ባንች በ1991 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስትመጣ ገና ልጃገረድ ነበረች፤ ልጆቿን ያሳደገችውም በዚሁ ሥራ ነው። ማሽን ሲቆም የምንጠራው እሷን ነው። ስንጣላ የምታስታርቀንም እሷ ነች። እኔንም አንሶላ አስተጣጠፍ ያስተማረችኝ፣ አለቃ ሲጮህብኝ ከፊቴ የቆመችልኝ እሷ ናት። የጎደላት ሹመቱ ብቻ ነበር።

በ2015 እ.ኤ.አ. የክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ወጣ። ሥራ አስኪያጇ ሊሞር ምሳ ስንበላ መጣችና ሁላችንም እየሰማን፣ «ባንች፣ በእሱ ቦታ አሐራኢት፣ ኃላፊ ብትሆኚልኝ ደስ ይለኛል። ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

ባንች አንገቷን ደፋች። «አይ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ሌላ ሰው ይሁን።»

«በሴደር፣ እሺ» አለች ሊሞር ቅር ብሏት፤ ሄደችም።

እኛ ዘንድ ምግብ እንኳ ሲቀርብልን መጀመሪያ «ጠግበናል» እንላለን። አቅራቢውም «በሞቴ» እያለ ይለምናል እንጂ ሳህኑን አያነሳም። ለሹመትማ ዘሎ «እሺ» ማለት ነውር ነው። ባንች እስክትለመን ትጠብቅ ነበር፤ ሊሞር ግን ሳህኑን አንስታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሊሞር ከውጭ ሰው ልትቀጥር መሆኑን ሰማን። ባንች አንዱን ፎጣ ታጥፈዋለች፣ መልሳ ትፈታዋለች።

«ቢፈልጉኝማ ደግመው ይጠይቁኝ ነበር» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ይህን የሰሙት ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ማናለሽ ናቸው። «ብዙዓየሁ፣ ተነሽ! ኢቭሪቱን፣ ዕብራይስጡን አንቺ ትችይዋለሽ» ብለው እጄን ይዘው ሊሞር ቢሮ አስገቡኝ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ።

«በኛ ወግ ሰው ባንዴ እሺ አይልም። ልጂቱ አልፈልግም መች አለች? ራሷን ዝቅ ማድረጓ ነው። ሂጂና ደግመሽ ጠይቂያት። በሞቴ በያት!»

ሊሞር ግንባሯን ያዘች። «እኔ እኮ ሥራውን የጠላችው መስሎኝ ነው!»

ወዲያው ተነስታ ወደ ማጠፊያው ክፍል መጣች። «ባንች፣ እኔ የምፈልገው አንቺን ነው» አለች።

«ኧረ ተይ፣ ሊሞር።»

ሊሞር ዞር ብላ እማማ ማናለሽን አየቻቸው። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ «በሞቴ!» አለች።

ሳቃችን የማሽኑን ጩኸት ዋጠው። ባንችም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠና በዚያ መሃል «እሺ» አለች።

በዓመቱ ለሌላው ፈረቃ ኃላፊ ሲፈለግ፣ ባንች ስሜን ይዛ ሊሞር ዘንድ ገብታ ተሟገተችልኝ። ውለታዋን በምን እመልሰዋለሁ? ከዚያ መጥታ ጠየቀችኝ። እዚህ ያደግሁ ነኝና ባንዴ እሺ እላለሁ ብዬ ነበር፤ አፌ ግን «አይ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ።

ባንች ወንበር ስባ ፊቴ ተቀመጠች።

«እምቢ በይ» አለችኝ ፈገግ ብላ። «እኔ እንደሆንኩ አልሄድም።»