ኮልፋክስ ላይ የተቀበልኩት አደራ

አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አልችልበትም። እናቴ ቤት ምሳ ስበላ እንኳ የመኪናዬ ቁልፍ ከእጄ አይወጣም። "እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?" ትለኛለች። ምን ላድርግ! ሥራዬ እንዲህ አድርጎኛል። በዘጠኝ ዓመት አምስት ከተማ ኖሬያለሁ፤ አምስቱም ጋ የኮሌጅ ፉትቦል ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ። ፉትቦል ስል የአሜሪካኑን፣ ሄልሜት አጥልቀው የሚላተሙበትን ማለቴ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ኳስ አሰልጣኝ ነው" ሲባሉ ፊታቸው ይፈካና የትኛው እንደሆነ ሲሰሙ "አይ እሱ" ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

የዚህ ሥራ ሕግ አጭር ነው። ዋናው አሰልጣኝ ሲባረር ረዳቶቹም አብረው ይባረራሉ። የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ደግሞ የሚፈልጋቸውን ይዞ ይሄዳል። ካንሳስ እያለሁ አንድ ጠዋት ቢሮ ስደርስ የበሩ ካርድ አልሠራ አለኝ፤ መባረሬን የነገረኝ በሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳልባረር መሄድን ተማርኩ። ሁለት ጊዜ ልጆቼን ሳልሰናበት ሄጃለሁ፤ ልጆቼ ስል ተጫዋቾቼን ነው፣ የወለድኩትስ የለኝም። መሄዴን የሰሙት ከስልካቸው ነው። አንዱ "ኮች፣ እውነት ነው?" ብሎ ጻፈልኝ። አልመለስኩለትም።

ዴንቨር የተመለስኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያደግኩት አጠገቧ ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ነው፤ እናቴ አሁንም እዚያው አለች። እኔ ሴንትራል ፓርክ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየሁ፤ ግማሹን ካርቶን እስካሁን አልፈታሁትም። ሥራዬ ከፊት መስመር ላይ የሚጋፉትን ግዙፎች ማሰልጠን ነው። ከየሁለተኛ ደረጃው ተጫዋች ልጆች አግባብቶ ለኮሌጁ ማምጣትም አለ፤ እንዲያውም ዋናው እንጀራ እሱ ነው።

በተመለስኩበት ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ዋናው አሰልጣኝ ጠራኝና "ኦሮራ፣ ኮልፋክስ ላይ አንድ ልጅ አለ፤ እናቱ የናንተ አገር ሰው ናት፤ ያንተ ሥራ ነው" አለኝ። አብረን ሄድን። በመንገዳችን እሱ አንድ ባልዲ ሙሉ የተጠበሰ ዶሮ ገዛ፣ ባዶ እጄን አልገባም ብሎ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ተሸከምኩለት። ጾመ ነቢያት መግባቱን ያስታወስኩት ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ዶሮውን ሲያዩ ነው። እግዚኦ! ፈረንጁስ ምን ያውቃል፣ ሐበሻው እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው "ፍሪዘር ይግባ፤ ለገና እንፈስክበታለን" አሉ።

ሆስፒታል በጽዳት ሥራ ያሉ፣ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ጭንቀታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ "ጭንቅላቱን ቢመታውስ?" ዋናው አሰልጣኝ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ምኑም አወራ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

"የሱን ሰማሁ። አንተስ ምን ትላለህ? እናትህን አውቃታለሁ።"

"እትዬ፣ እኔ እያለሁ ምንም አይሆንብዎትም" አልኩ።

"እንግዲያው ለኮሌጁ አይደለም፣ ላንተ ነው የምሰጥህ። እስኪመረቅ። አደራ።"

ልጁ እንዲመጣልን ፊርማቸውን ፈልጌያለሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ከሶፋው ብድግ ብዬ፣ እጅ ነስቼ "አደራዎን ተቀብያለሁ" አልኩ። መኪና ውስጥ ዋናው አሰልጣኝ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። "እሺ ብለዋል" አልኩት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የሚባለውን የት አባቴ ላስረዳው?

ልጁ መጣ። በር የሚሞላ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ በአማርኛ ስናገረው በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ልጅ ነው። አንድ ችግር ነበረበት፤ ሲጋፋ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚህ ጨዋታ ቀጥ ያለ ይወድቃል። "ጉልበትህን እጠፍ! ዝቅ በል!" እያልኩ መንፈቅ ሙሉ ድምፄ ተዘጋ። ጥቅምት ላይ ታጠፈለት፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ።

ስልኩ የተደወለው በታኅሣሥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የቀጠረኝ የካንሳሱ አለቃዬ ነው፤ ደቡብ ውስጥ ትልቅ ኮሌጅ ይዟል። "የቡድኑን መከላከል በሙሉ ለአንተ ልሰጥህ ነው። እስከ ነገ ጠዋት አሳውቀኝ፤ ለማንም አትንገር" አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ስልክ ይኸው ነበር። ከዚህ ወንበር ዋና አሰልጣኝ መሆን አንድ እርምጃ ነው። ደስታው አላስቀምጥ አለኝና መኪና ውስጥ ገባሁ።

ኮልፋክስን ወረድኩ፣ ወጣሁ። ከአስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኋላ እየቆምኩ፣ እየተነሳሁ። ጋዝ ስቴሽን ገብቼ ማስቲካ ገዛሁና ሳልከፍተው ጣልኩት። ኧረ ምን ነካኝ? ልጁ ትልቅ ሰው ነው፤ ሌላ አሰልጣኝ ይመጣለታል። የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ይህን ሁሉ ለራሴ እላለሁ፤ "አደራ በላ" የሚለው ስድብ ግን ከጆሮዬ አይወጣም። በመጨረሻ ቆረጥኩ። አደራ በስልክ አይመለስም፤ ለሰጠው ሰው ፊት ለፊት ነው የሚመለሰው። የእረፍት ቀናቸው ነበርና ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። "ምነው? ልጄን ምን አገኘው?"

"ደህና ነው፣ ደህና ነው።"

"ኡፍ! በል ግባ። ዛሬ ዶሮህን አልያዝክም?" አሉና ሳይጠይቁኝ ሽሮ አቀረቡልኝ። ዳግመኛ ጾሙ ነበር። ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ሦስተኛው ላይ ነገሩን አፈረጥኩት። የት እንደምሄድ፣ ምን እንደምሆን ነገርኳቸው። "አደራዎን ልመልስ ነው የመጣሁት" አልኩ።

እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ። "ትልቅ ሥራ ነው?"

"በጣም።"

"ታዲያ ሂዳ። ሰው እንጀራውን ይከተላል። አደራውን ተቀብያለሁ፤ ነፃ ነህ።"

ተነፈስኩ። ይህን ያህል ቀላል ነው? ልነሳ ስል፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው "የኔው ሞኝ ነው እንጂ ተጠርቶ የቀረው" አሉ።

"የት ተጠርቶ?"

"እንዳልነግርህ ለምኖኝ ነበር። ጥቅምት ላይ ከሌላ ኮሌጅ ሰው ልከውበት ነበር። ሁልጊዜ ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ነው አለኝ። አልሄድም አላቸው።"

በዚህ ዘመን ተጫዋች ኮሌጅ መቀየር ከፈለገ ማንም አይዘውም። እንዲህ ያለ ጥሪ እምቢ ያለ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አላውቅም። "ለምን?" አልኩ።

"እኔ ነኛ! ያን ቀን እናንተ ስትወጡ፣ 'ይህ ሰውዬ ብድግ ብሎ፣ እጅ ነስቶ ነው የተቀበለኝ። አንተም እሱን አደራ፤ ጥለኸው እንዳትሄድ፣ እንጀራው ባንተ ነው' አልኩት። 'ኮች ራሱ ቢሄድስ?' አለኝ። 'አይሄድም' አልኩት።"

አፈርኩ። ካንሳስ በሩ ሲከለክለኝ እንኳ እንደዚያ አላፈርኩም። እሳቸው ግን ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ "ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል" አሉኝ። ሳህኑን ጨረስኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

መኪና ውስጥ ሆኜ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። "አልመጣም" አልኩት።

"ሌላ ቦታ አገኘህ?"

"የለም። ለአንድ እናት ቃል ገብቼ ነው።"

ከልቡ ሳቀ። "ሁላችንም ለእናቶች ቃል እንገባለን እኮ! ሥራችን አይደል?" ከዚያ ሳቁን አቆመና "እንግዲህ ሁለተኛ አልደውልልህም" ብሎ ዘጋው። መቼም አልዋሽም፣ መሪውን በቡጢ ደበደብኩት። እስከ ገና ድረስ በሴትዮዋም፣ በልጁም፣ በራሴም ተናድጄ ነበር። ጽድቅ የሚሉት ስሜት በአጠገቤ አላለፈም።

በማግስቱ ብረት የምናነሳበት አዳራሽ ውስጥ ልጁ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እናቱ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ሳልጠይቀውም ቀረሁ። ጓንቱን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል። ከዚያ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ "ትቆያለህ?" አለኝ።

ያኔ "እውነት ነው?" ብሎ ለጻፈልኝ ልጅ ያልመለስኩት ጥያቄ ነበር።

"እቆያለሁ" አልኩት። "አሁን ጉልበትህን እጠፍ፤ ቀጥ ብለህ ቆመሃል።"

ሳቀና እዚያው፣ ብረቱ መሃል፣ ዝቅ አለልኝ። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።