የድንጋይ ወረፋ በቤተ መጻሕፍቱ በር

በጋዜጠኝነት ሥራዬ የሰማሁትን ሳላጣራ አልቀበልም። አክስቴ ደብረ ታቦር ያለውን ቤታቸውን ሊሸጡ ሲነሡም ጥሩ ዋጋ እንደማያወጣ ቀድሜ የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ። ዓይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ ክረምቱ ሳይገባ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ መሄድ ነበረባቸው። ከቤቱ በቀር ጥሪት የላቸውም። ቤቱ ደግሞ ከአስፋልት የራቀ ነው። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጋር በአጥር ይዋሰናል፤ እኔ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ደላላው ከጉና የመጣ ገበሬ ይዞ ገባ። ገበሬው ከተማ ለምትማር ልጁ ቤት ይፈልጋል። ጣሪያውንና ግድግዳውን አየ፤ ፊቱ አልፈታ አለ። ሊወጣ ሲል በአጥሩ ክፍተት ረጅም የድንጋይ ረድፍ ተመለከተ።

«ለካ ቦኖ ውሃ አጠገባችሁ ነው» አለ ደስ ብሎት። በእኛ አገር የውሃ ወረፋ የሚያዘው ድንጋይ አስቀምጦ ነው።

ደላላው ወደ አክስቴ ጠጋ ብሎ «ዝም ይበሉ እትዬ፣ እግዜር የሰጠዎትን አይመልሱ» አለ በሹክሹክታ።

አክስቴ ግን «የውሃ አይደለም ወንድሜ» አሉ። «ተማሪዎች ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ እስኪከፈት ድንጋያቸውን አኑረው ቁርስ ሊበሉ ሄደዋል።»

«በሉ እንግዲህ፣ ባሕር ዳርን በሕልምዎ ይዩት» አለ ደላላው።

ገበሬው አልሰማውም። «ወረፋው ለመጽሐፍ ነው? እንደ ውሃ?»

«እንደ ውሃ።»

ወዲያው ተማሪዎቹ ከየአቅጣጫው መጡና እያንዳንዳቸው ድንጋያቸው ዘንድ ቆሙ። ዘበኛ የለ፣ ግፊያ የለ። የነዳጅም የስኳርም ሰልፍ ስዘግብ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌ ነበር። በሩ ተከፍቶ አንድ በአንድ ሲገቡ ገበሬው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እኔም ድምፄን ዝቅ ማድረግ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

ከዚያ ገበሬው አክስቴ የጠሩትን ዋጋ ሳይከራከር ተቀበለ።

«ልጄ ገበያ ላይ ድንቻችንን እየጠበቀች ነው፤ ልጥራት» ብሎ ወጣ ገበሬው። ደጅ ላይ ጎንበስ አለና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ከድንጋዮቹ ረድፍ መጨረሻ አኖረ።

«የእሷ ነው፤ እስክንመለስ ይዩልኝ እናቴ» አለ።

አክስቴ ወንበር አስወጥተው አጥሩ ሥር ተቀመጡ።