የቀጥቃጮቹ ሊቀ መንበር

የላስታ ገበሬ ያለ ማረሻ አንድ ትልም አያወጣም፤ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ግን ቡዳ ይለዋል። እንግዲህ የሚያበላውን ሰው፣ ሰው በላ ነው ማለቱ ነው! የሙጃ መንደሩ ቀጥቃጭ አረጋ በዚህ ስም እየተረገጠ ጎለመሰ። ታላቅ ወንድሙን በአንድ ሕፃን ሞት አሳበው በድንጋይ ሲወግሩት ቆሞ አይቷል። ደርግ መጥቶ ባለ እጅን መስደብ ሲከለክል፣ አረጋ የቀጥቃጮች ማኅበር አቋቁሞ ሊቀ መንበር ሆነ። በየስብሰባው እየተነሣም «ቡዳ የሚባል ነገር የለም። ይህ ሙያ ነው፤ የፈለገ ይምጣና ይማር» ይል ነበር።

ማን ይመጣል? ልጁን ለጅብ መስጠት የሚቀለው ብዙ ነበር። የሰባ ሰባቱ ድርቅ በሬውንም ዘሩንም ሲጨርሰው ግን፣ ባሏን የቀበረች ገለቴ የምትባል የገበሬ ሚስት አንድ ልጇን ደሴን ይዛ መጣች። «ከረሀብ የከፋ ቡዳ የለም፣ አያ አረጋ። አስተምርልኝ» አለችው።

አረጋ ያን ቀን አለቀሰ። ደሴን አይተው ሌሎችም ወጣቶች ተከተሉ። ወናፍ መንፋቱን፣ ብረት ማቅላቱን ለመዱ፤ የሠሩትን ማጭድ ገበያ እየሸጡ ቤታቸውን ይደጉሙ ጀመር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአረጋ ጋር በአንድ ገበታ ይበሉ ነበር። በሕይወቱ ከዚህ የበለጠ የኮራበት ነገር አልነበረውም።

በሰባ ዘጠኝ አፈሳው መጣ። የውትድርና ኮታው ስላልሞላ የአብዮት ጥበቃ ጓዱ መሪ ሀብተ ሥላሴ በገበያ ቀን ታጣቂዎቹን አስከትሎ ማኅበሩ ግቢ ገባ። አንዱን ተማሪ በሰደፍ መንጋጋውን ሰበሩት። ደሴ አልሄድም ቢል ጠጉሩን ይዘው ፊቱን ፍሙ ላይ ደፉት። ጩኸቱ ገበያውን አቆመው፤ ሰው ሁሉ አጥሩን ከበበ።

«ጓድ ሀብተ ሥላሴ፣ የማኅበር ልጆች ናቸው፤ ተዋቸው» አለ አረጋ።

ሀብተ ሥላሴ አፉን በቡጢ አለው። የአረጋ ጥርስ ረገፈ፤ የመቺውም እጅ በጥርሱ ተቀዶ ደማ። ሀብተ ሥላሴ ደሙን አየ፤ ከዚያ የአረጋን አፍ አየ፤ ዓይኑ ውስጥም ያ የድሮው ፍርሃት ብቅ አለ። አረጋ ያንን ፍርሃት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ የታገለውም እሱን ነው። የሀብተ ሥላሴን እጅ ጨምድዶ ያዘና ደሙን ላሰው።

«ቡዳ ነኝ» አለ ገበያው እየሰማ። «እነዚህ የኔ ናቸው፤ ለራሴ ያደለብኳቸው። አንዱን ብትወስድ አንተን ከነልጆችህ እበላሃለሁ።»

አንዱ ታጣቂ ጠመንጃውን አቀባበለ። ጓደኛው አፈሙዙን ወደ መሬት ገፋበት። «ተው፤ ቡዳ ሞቶ ይብሳል» አለው። ሀብተ ሥላሴ እጁን በጋቢው ጠቅልሎ የኋሊት ወጣ፤ ሰዎቹም ተከተሉት። ማንንም አልወሰዱም።

አረጋ ሲዞር ተማሪዎቹ ከእሱ ሸሽተው ግድግዳው ሥር ተኮልኩለዋል። ወላጆቻቸው አንድ በአንድ እየጠሩ ወሰዷቸው። ገለቴ መጨረሻ መጣች፤ ከደጅ ግን አላለፈችም።

«እግዜር ይስጥህ፣ አያ አረጋ፤ ልጄን አተረፍክልኝ» አለች እንባዋ እየወረደ። ነጠላዋን አውልቃም ለደሴ ወረወረችለት፤ የተቃጠለ ፊቱን ተከናነበበት።

«አሁን ፊትህን አዙርልኝ፤ ልውሰደው» አለችው።

አረጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።