ነቅለህ ስካው

ከላስታ እስከ ተከዜ ባለው አገር እኔን አይቶ ቀጥ ያላለ ኮምፒውተር አልነበረም። የሞተ አስነሥቻለሁ፣ የታወረ ስክሪን አብርቻለሁ፣ ዲዳ የሆነ ድምፅ ማጉያ አስለፍልፌያለሁ። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን ሰቆጣ ውስጥ እኔ የማውቃቸው ኮምፒውተሮች ሦስት ነበሩ። አንዱ አይሠራም። ሁለተኛው የኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ስለሆነ ማንም አይነካውም። እንግዲህ ቀጥ ያደረግሁት ሦስተኛውን ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ የሚለው መብራት ስለሚሄድ ነበር።

ያ ሦስተኛው በእርዳታ የመጣ ነው። እኔ ባሕር ዳር ሄጄ የሦስት ሳምንት ስልጠና የወሰድሁት በዊንዶውስ ነበር፤ የመጣልን ማሽን ውስጥ ያለው ግን ሊኑክስ። በበቅሎ ሰልጥኖ ግመል ማለት ነው። ሁለቱም ይጫናሉ፤ አነሣሣቸው ግን አንድ አይደለም። ማሽኑን ያመጣው ሰው ተክሎ፣ ለኃላፊው አስጨብጭቦ፣ ዋናውን የይለፍ ቃል ለማንም ሳይናገር መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ቁም ነገር የሆነ ነገር ስናዝዘው የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ እኛም አናውቅም። እንዲህ ሆነን ተከባብረን ኖርን።

ሕክምናዬ አንድ ነበር። ድምፅ ጠፋ? ነቅዬ እሰካለሁ። የአማርኛ ደብዳቤ ሲከፈት በፊደል ፋንታ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ተደርድሮ ታየ? ነቅዬ እሰካለሁ። ስክሪኑ ጠቁሮ ነጭ እንግሊዝኛ ብቻ ተንከባለለበት? አቧራውን እፍ እላለሁ፣ አገጬን ይዤ ጥቂት አስባለሁ፣ ከዚያ ነቅዬ እሰካለሁ። ብዙውን ጊዜ ይድናል። ያልዳነውን «ይሄ እንኳ ከክልል ነው» እላለሁ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ነቅንቆ ይቀበላል።

አንድ ሰው ብቻ አልተቀበለም፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ። ጋዝጊብላ ቆሎ ትምህርት ቤት አድጎ፣ ቅኔውን ጀምሮ ትቶት ወደ መንግሥት ሥራ የገባ፣ እጅ ጽሑፉ የብራና የሚመስል፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። ድምፁን የማያነሣ ሰው ፍሩ። እኔ አልፈራሁም፤ ስለዚህ ያገኘኝን አገኘኝ።

ያገኘኝ በግምገማ ላይ ነው። ያን ጊዜ ያልሠራ ሰው ላያውቀው ይችላል፤ ሠራተኛው ሁሉ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ተነሥቶ መጀመሪያ ራሱን ይወቅሳል፣ ግለ ሂስ ይባላል። ከዚያ ሌላው ይወቅሰዋል። ብልህ ሰው ለግለ ሂሱ የማትጎዳ ጥፋት አስቀድሞ ያዘጋጃል። እኔም ተነሥቼ «ሥራ ስለማበዛ ምሳ ሰዓቴን አላከብርም» አልሁና ተቀመጥሁ። የመዝገብ ቤቱ ሰው እጁን አወጣ።

«ወንድማችን ምሳ ቢበላ እኔም ደስ ይለኛል» አለ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «ግን ኮምፒውተሩን ሲያክም አይቻለሁ። ይነቅለዋል፣ ይሰካዋል። ሕክምናው ይኸው ከሆነ የበሩ ዘበኛም አያንስም፤ የቀን አበሉን ለሁለት ቢካፈሉት ምን ይመስላችኋል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው እንኳ በመሐረብ አፉን ሸፈነ። በማግሥቱ ዘበኛው ቆቡን አንሥቶ «እንዴት አደርህ ባልደረባዬ» አለኝ። በሳምንቱ ገበያ ውስጥ ዶሮ ስጠይቅ ሻጯ ጓደኛዋን ጠርታ «ነቅለህ ስካው መጣ» አለቻት። ሰቆጣ ሙሉ ስሜን ረሳው።

የዋግ ማር ሲቆይ ይደርቃል እንጂ አይበላሽም፤ የእኔም ቂም እንደዚያው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በትንሹ ጀመርሁ። በሊኑክስ የፋይል ስም መጀመሪያ ላይ አንዲት ነጥብ ካደረጉ ፋይሉ ሳይጠፋ ከዓይን ይሰወራል። ይህን ያገኘሁት በስሕተት ነው፤ የተጠቀምሁበት ግን ሆን ብዬ። የመዝገብ ቤቱ ሰው የሠራተኛውን ስም ዝርዝር በስንት ወር ልፋት ለቅሞ አስገብቶት ነበር። አንድ ነጥብ ጣል አደረግሁለት። ሦስት ቀን ፈለገው። በሦስተኛው ቀን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ አንድ ነገር ሲያጉረመርም ሰማሁት፤ ጸሎት ግን አይመስልም ነበር። በአራተኛው ቀን መጥቶ «እባክህ እየው» አለኝ። ማመልከቻ አስጻፍሁት። በዚያ በብራና ጽሑፉ ጻፈ። ከዚያ ዝርዝሩን አወጣሁለትና ለዘበኛው ሰላምታዬን እንዲያደርስልኝ ነገርሁት።

እሱም የረካሁ መስሎት ተወኝ። እኔ ግን ገና ነበርሁ።

አገሩ ሁሉ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን የተቀበለ ሰሞን ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ከዚያ ማሽን ታትሞ የወጣ ደብዳቤ ይዟል።

«አንተ፣ ሕዝቡ ሁለት ሺህ ገባ ብሎ ይጨፍራል፤ የኛ ደብዳቤ ሁለት ሺህ ሰባት ይላል። የት አገር ነው የምንሠራው?»

«አስተካክለዋለሁ፣ ጌታዬ» አልሁ።

ሊኑክሱ ቀኑን ልለውጥ ብለው የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እኔ ግን ማሽኑ ሳይነቃ አንዲት ቁልፍ ደጋግመው ከመቱ የሚከፈት ሰማያዊ ገጽ እንዳለ አውቃለሁ፤ እዚያ ማንም ማንንም አይጠይቅም። መውጫ ሰዓት ላይ ገባሁ። ዓመቱን ሁለት ሺህ አልሁት፣ ወሩን መስከረም ብዬ አንድ አልሁት፣ ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሞላሁለት። ሲነሣ ማየት እንኳ አላስፈለገኝም፤ አጠፋሁና ወደ ቤቴ ሄድሁ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ከመደርደሪያው አጠገብ ፋይል ይሰፋ ነበር። ደህና አምሽም አላልሁትም።

በማግሥቱ መጀመሪያ የሚገባው ምንጊዜም እሱ ነው። ማሽኑን አበራው። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ የይለፍ ቃል ጥያቄ። ስደርስ ፊቱ እንደ ጤፍ ገለባ ነጥቷል። ነቀልሁ፣ ሰካሁ። ያው። ደግሜ ነቀልሁ። ያው። ለዞን የሚላከው ሪፖርት ውስጡ ነው።

ኃላፊው መጥቶ ቆመ። «ማን ነው የነካው?»

«ያበራው እሱ ነው» አልሁ። ውሸት አልነበረም።

ያን ጊዜ ኒሯቅ ካለው ቅርንጫፍ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። ኒሯቅ ያለችበት አበርገሌ ቆላ ነው፤ ደጋ የለመደ ሰው ከዚያ ሲመደብ ዘመዶቹ ለቅሶ እንደደረሰ ይሰበሰባሉ። ኃላፊው «ዓርብ እንገመግማለን፤ ያበላሸው ሰው ኒሯቅ ይሄዳል» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን እንጀራ ጣፍጦኝ አያውቅም። ሙቀቱን፣ ፍየሉን፣ ትንኙን አንድ በአንድ አሰብሁለት። ከላቡ የተነሣ ያ ቆንጆ ጽሑፉ ወረቀት ላይ ሲደፈርስ ታየኝ።

ሐሙስ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ የመዝገብ ቤቱ ሰው አባት ጠሩኝ። የኔታ ነው የምንላቸው፤ ለብዙ ዘመን ባሕረ ሐሳብን፣ የዘመን ቆጠራውን ትምህርት ያስተማሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ፣ ልጃቸው በየማለዳው እጃቸውን ይዞ የሚያመጣቸው ሽማግሌ ናቸው። እሱ አንድ ልጃቸው ነው። ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«በአረማመዱ ነቅለህ ስካው መሆን አለበት» አሉ።

«ነኝ የኔታ። ስሙን ያወጣልኝ ልጅዎ ነው።»

«ስም ማውጣት ከኔ ነው የወረሰው፤ እኔን ተቀየመኝ። ልጄን ኒሯቅ ልትሰዱት ነው አሉ።»

«ግምገማው ነው የሚወስነው።»

«ግምገማው አንተ ነህ ይላሉ። እሺ፣ ሳጥኑ ምን ብሎ ነው እንቢ ያለው?»

«አብዷል የኔታ። መጨረሻ የተከፈትሁት ገና ወደ ፊት በሚመጣ ቀን ነው ይላል። ሁለት ሺህ ሰባት የሚል ቁጥርም አይቻለሁ።»

የኔታ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ አስኬዱ፣ መለሱ፣ እንደገና አስኬዱ። ከዚያ ሳቁ።

«አላበደም። እኛና ፈረንጅ በዚህ ወራት በሰባት ዓመት ነው የምንለያየው። ሳጥኑ በፈረንጅ ሲቆጥር ያደገ ነው፤ አንድ ሰው በኛ ሞላበት። ዛሬ ተኝተህ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰህ ብትነሣ አንተስ እሺ ብለህ ሥራ ትገባለህ? የሞላበትን ሰው ፈልጉና ይመልሰው።»

ሁለት ሺህ ብዬ የሞላሁበት እኔ ነኝ።

«ማን ይሆን?» አሉ።

«እንጃ፣ የኔታ» አልሁና ሄድሁ።

ልመልሰው እችል ነበር። ዓርብ ጠዋት ቀድሜ ብገባ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የታየኝ ግን የዶሮ ሻጯ ሳቅ ነበር። አረፈድሁ።

ግምገማው ተከፈተ። ማሽኑን በክቡ መሐል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፤ እሱም የሚገመገም ይመስላል። ለግለ ሂሴ «አንዳንዴ ለሰው ከመጠን በላይ አዝናለሁ» አልሁ። ከዚያ እጄን አወጣሁ።

«እንደ ባለሙያ ስናገር» አልሁ፣ «ማሽኑን መጨረሻ ያበራው ወንድማችን ነው። ሊኑክስ ስስ ነው። አነካኩን የማያውቅ ሰው እንደ መዝገብ ሲያገላብጠው ይሰበራል። ደጋ ላይ ኮምፒውተር ከሚሰብር ቆላ ወርዶ ፍየል ቢቆጥር ለመሥሪያ ቤቱም ለእሱም ይሻላል።»

ሳቁ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ሳቅ ነበር፤ ሆዴ ድረስ ሞቀኝ።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ተነሣ። «ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ልሞክረው ይፈቀድልኝ» አለ። ኃላፊው ፈቀደ። አበራው፣ ያችን ቁልፍ ደጋግሞ መታ፣ ሰማያዊው ገጽ ተከፈተ።

«ይህን ገጽ አንተ ከየት አወቅኸው?» አለ ኃላፊው።

«ፋይል ስሰፋ ቁልፉ ሲመታ አይቻለሁ» አለ። ማን ሲመታ እንደሆነ አልተናገረም። አላየኝምም። ሁለት ሺህ ሰባት ሞላ፣ ወሩን የፈረንጅ አደረገ፣ ሰዓቱን ስድስት ጨመረለት፣ ወጣ። ነጩ እንግሊዝኛ ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ አንድ ቦታ ቆም አለ። በሕይወቴ ማሽን እንዳይነሣ የጸለይሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተነሣ። ሪፖርቱም አለ።

«ምን ሆኖ ነው ታዲያ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ሰዓት የምትይዝ ትንሽ ባትሪ ውስጡ አለች ይባላል፤ እሷ ደክማ ዘመኑን አምታትታ ይሆናል።»

ኃላፊው ከሁሉ ቀድሞ ተቀበለ፤ ሁለት ሺህ ይሁን ብሎ ያዘዘው ማን እንደሆነ ያውቃል። በቃለ ጉባኤው ላይ ጥፋተኛዋ ባትሪዋ ተብላ ተጻፈች። የጻፈውም እሱ ነው፤ በዚያ በብራና ጽሑፉ።

«የኒሯቁስ?» አለ አንዱ።

የመዝገብ ቤቱ ሰው እንደገና እጁን አወጣ፤ ድምፁ ያው ለስላሳ ነው። «እዚያም ኮምፒውተር ሊሰጣቸው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሊኑክስ ስስ ነው፤ አነካኩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ሰው ያለን አንድ ነው።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ እንደ ትልቅ ሹመት አጨበጨቡልኝ። እንቢ ለማለት አላውቅም ማለት ነበረብኝ።

እሱ ቀረ። የኔታን በየማለዳው እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው፤ እስኪሞቱ ድረስ ወሰዳቸው። እኔ ኒሯቅ ሁለት ዓመት ተቀቀልሁ። ፍየሎች መስኮቴ ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ፤ እያንዳንዷ እሱን ትመስለኝ ነበር። ያላጋለጠኝ አዝኖልኝ ነው የሚሉ አሉ። አዝኖ አይደለም። ቢያጋልጠኝ ተጣልተን፣ ታርቀን፣ እናልቅ ነበር፤ ምሕረት ያደረገልኝ ዕድሜ ልኬን እንዳይለቀኝ ነው። ዛሬም ያለበትን ባገኝ ፋይሎቹ ሁሉ ላይ ነጥብ አደርግለታለሁ።

ኒሯቅ በገባሁ በሁለተኛው ወር ኮምፒውተሩ መጣ። አንድ ጠዋት አልበራ አለ። እንግሊዝኛ የለ፣ ጥቁር የለ፣ ድምፅ የለ። ሰማያዊው ገጽም አልከፈት አለ። የወረዳው ሰዎች ከበውኛል፤ ባለሙያ መጣላችሁ ተብለዋል። ግማሽ ቀን ታገልሁ። በመጨረሻ ጥርሴን ነክሼ ወደ ስልኩ ቤት ሄድሁና ሰቆጣ ደወልሁ። እሱ አነሣው። የሆነውን ሁሉ ነገርሁት።

«ነቅለህ ስካው» አለኝ።

ዘጋሁበት። እየተሳደብሁ ተመለስሁ፣ ሰው እንዳያየኝ ሁሉንም አስወጣሁ፣ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ለመንቀል ገመዱን ፈለግሁ። ግድግዳው ላይ አልነበረም፤ መሬት ላይ ነው የተጋደመው። ትናንት ማታ አቧራ ለመጥረግ የነቀልሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ መሰካቱን ረስቼው ነበር።