ለመስቀል የተቀባ ሰንሰለት

የፎርክሊፍት ሰንሰለት መሽቀርቀር አይወድም። ይህን ለእህቴ ባል ምላሴ እስኪደርቅ ነግሬዋለሁ። እሱ ሆሳዕና ውስጥ የአንድ ሲሚንቶ መጋዘን ፎርክሊፍት ሹፌር ነበር፤ እኔ የማሽኗ መካኒክ። ሸክሙን ወደ ላይ የሚስቡትን ሁለት ሰንሰለቶች የምመረምረው እኔ ነኝ። በናፍጣና በብሩሽ አጥባለሁ፣ በጨርቅ አደርቃለሁ፣ በባትሪ እያበራሁ ስንጥቅ እፈልጋለሁ፣ ተስቦ እንደሆነ በሜትር እለካለሁ። ከዚያ ቀጭን ዘይት አጠጣቸዋለሁ። ዘይት የሰንሰለቱን ዓይኖች እስከሚያያይዘው ፒን ዘልቆ ይገባል። ግሪስ ግን ላይ ላዩን ተለጥፎ አቧራ ይሰበስባል፤ ስንጥቅ ቢኖርም ይሸፍናል።

እሱ መች ይሰማል! «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» ይለኛል። በእኛ አገር ለመስቀል ቤቱ ይለቀለቃል፣ ሴቶቹ ሲያጠራቅሙት የከረሙት ቅቤ ይወጣል፣ ሰንጋው ይታረዳል። ጋሼ ነው የምለው እሱን፤ ማሽኗንም ከቤተሰቡ ነበር የሚቆጥራት። በዓሉ ሲቃረብ ሁለቱንም ሰንሰለቶች ከላይ እስከ ታች በግሪስ ለቅልቆ ጠበቀኝ።

«በዓል ነው፤ እሷም ትቀባ እንጂ» አለኝ እየሳቀ።

እኔም ሳቄ መጣ፤ ንዴቴም እንደዚያው። ዱራሜ አስቸኳይ ሥራ ስለነበረብኝ፣ ተመልሼ እስካጥበው ድረስ ምንም እንዳያነሳባት አስጠነቀቅኩት። «እሺ» አለ። ጋሼ እሺታ አያልቅበትም።

ዱራሜ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ፤ ጋሼ ተጎድቷል፣ ቶሎ ና አሉኝ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጥቶ ኖሯል፤ ጋሼ ሰው አላስጠብቅም ብሎ ማራገፍ ጀመረ። የተንጋደደ ከረጢት ሊያስተካክል ከወንበሩ ወርዶ ከሸክሙ ሥር ሲገባ አንደኛው ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ሸክሙም ተንዶ ወደቀበት። ሆሳዕና መናኸሪያ ስወርድ የሚያውቁኝ ተሸካሚዎች አንገታቸውን ደፉ። መሞቱን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከቀብር በኋላ የተበጠሰውን ሰንሰለት ብቻዬን አጠብኩት። ከግሪሱ ሥር ፒኑ ደርቆ ዝጓል፤ ስብራቱም ግማሹ ያረጀ ስንጥቅ ነበር። በእሱ ተናደድኩ። የሞተ ሰው ላይ መናደድ እንዴት ክፉ ነገር ነው፤ የሚመልስልህ የለም። እዚያው ናፍጣው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለቅሶ ቤት ሽማግሌዎቹ «ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ። እኔም ያየሁትን ስንጥቅ አላነሳሁም። ምን ይጠቅማል? ለእህቴ ከሐዘኗ በላይ ሌላ ሐዘን መጨመር መሰለኝ።

ሰው እየቀለለ ሲሄድ የመጋዘኑ ባለቤት የጋሼንና የእህቴን ትልቋን ልጅ በአባቷ ቦታ ሊቀጥራት ፈለገ። መንዳት ትችላለች፤ አባቷ አስተምሯታል። እህቴ ጠራችኝ።

«ማሽኗን እንደ አባቷ እንድትይዝ አሳያት። እሱ እንደ ልጁ ነበር የሚንከባከባት።»

«እንደ አባቷማ አይሆንም፣ እትዬ» አልኳት።

«ምነው?» አለች፤ ቅር ብሏታል።

ልጅቷን አንድ ነገር ቢያገኛትስ? ነገርኳት። ግሪሱን፣ ከሥሩ ያየሁትን ስንጥቅ፣ ዱራሜ ስሄድ ያልኩትን፣ ሁሉንም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ግሪሱን እኔ ነኝ የገዛሁት» አለች። «ለበዓሉ ሸሚዝ ልግዛልህ ስለው፣ ለእኔ ይቅር፣ ለማሽኗ ግሪስ ግዢላት አለኝ።»