አጥር የዘለለው የኮክ ቅርንጫፍ

እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አላፍርበትም። እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» እያለች ነው ያሳደገችኝ። መቀሌ አግብቼ ስመጣም ከደብረ ብርሃን የያዝኩት ይህንን ጠባይና ከአባቴ ጓሮ የለቀምኩትን የኮክ ዘር ነው።

ሐድነት የሚባለው ሰፈራችን ገና ቤት ይሠራበት በነበረ ጊዜ ዘሩን በድንጋይ አጥራችን ሥር ተከልኩት። ውኃ በጠፋ ቀን እንኳ ከቤት ቀንሼ አጠጣው ነበር። ማፍራት ሲጀምር ግን ትልቁ ቅርንጫፍ አጥር ዘሎ ጎረቤቴ ግቢ ገባ። ጎረቤቴ ጨርቅ የምትነግድ የወሎ ሙስሊም ናት። ትግርኛዬ ገና ይንገዳገድ ስለነበር፣ ባሌ ሥራ ሲውል በአማርኛ የማወራት ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ከእሷ ከተጣላሁ ምላሴን አስሬ መቀመጤ ነው።

አንድ ዓመት ኮኩ ለፍልሰታ ደረሰ። ለማርማላታ ያሰብኳቸው፣ ቀላ ቀላ ያሉት፣ ጠዋት ጠዋት ይጠፉ ጀመር። በፍልሰታ ደግሞ በእኛ ሰፈር ልጅ እንኳ ይጾማል፤ ከቅዳሴ በፊት አፉን የሚከፍት የለም። ባሌማ ጾም እንደማይገድፍ አገር የመሰከረለት ሰው ነው። እንግዲህ ጠዋት የሚበላ ማን ቀረ? በአጥሩ ላይ አንገቴን ባሰግግ፣ ሥጋው ተበልቶ ገና ያልደረቀ የኮክ ዘር በእሷ በኩል ወድቆ አየሁ። ሌላ ምስክር አላሻኝም።

ቅርንጫፉን በገመድ ጎትቼ ወደ እኛ ግቢ አሰርኩት። ቆማ ታየኛለች።

«እታለም፣ ዛፉ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

«ዛፉማ ምንም አላጠፋ» አልኳት።

ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች። መሄዷን ጥፋቷን እንደ ማመን ቆጠርኩት፤ ሰላምታም ነፈግኋት። ቀኑ ይረዝምብኝ ጀመር። ሌባ ናት እያልኩ ትናፍቀኝ ነበር። ኮኩ ግን መጥፋቱን አልተወም።

እጅ ከፍንጅ ልይዛት አንድ ማለዳ ከማድቤቱ በር ኋላ ቆምኩ። የመጣው ባሌ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ቅዳሴ የሚሄድ መስሎ ወጣና ኮክ ቆርጦ በላ። ዘሩን ወደ ጎረቤት ወረወረው። ከኪሱ ክኒን ሲያወጣ ከአጥሩ ማዶ ውኃ የያዘ ኩባያ ብቅ አለ።

«ለሚስትህ ንገራት በአላህ» አለችው ጎረቤቴ። «ስኳር እንዳለብህ ትወቅ። እኔንም ሌባ አድርጋኛለች።»

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ካወቀች ጾሜን ታስገድፈኛለች።»

«አሁንስ ገድፈኸው የለም እንዴ?»

ከሌማቴ አንድ እንጀራ ቢጎድል የማውቅ ሴትዮ፣ የባሌን መክሳት አላየሁም። ንዴት ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ ከበሩ ኋላ ወጣሁ። ባሌ ክኒኑን በመዳፉ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እሷ ግን ኩባያውን ከእሱ ወደ እኔ አዞረችው።

«እንኪ፣ እታለም፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቺው አቀብይው» አለችኝ። «የእኔ ክንድ አጥሩ ላይ ደከመ።»