ሦስቱ ብልቃጦች ምድጃው ላይ

ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ «ጠብታ» ይለዋል።

አየር የሚያምቀው የትልቁ ማሽን፣ የኮምፕሬሰሩ፣ ዘንግ ከሆዱ በሚወጣበት በኩል ዘይት የምታግድ የጎማ ቀለበት አለች፤ «ሲል» ይሏታል። በዓመት አንዴ ማሽኑ ሲቆም ትቀየራለች፣ ወር ሳይሞላት ትደርቅና ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥር የተቀመጠውን ትሪ ፈረቃ ሳይገባ ለመድፋት ጠብታ አሥራ አንድ ዓመት ቁርስ ሳይቀምስ ከቤት ወጥቷል። ያዘዘው የለም። መሬት ላይ ዘይት ካየ ሳይጠርግ አያልፍም፤ አመል ነው እንግዲህ።

ዘንድሮ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው ወጣቷ መሐንዲስ ሦስት የጎማ ናሙና ቁራጭ ሰጠችው፦ የተለመደው ጥቁር፣ ቀይና ቡናማ።

«ጋሼ፣ አንዱን ይምረጡልኝ። ከተሳሳትን እስከ ከርሞ ማሽኑን አንከፍተውም።»

እሱ ደግሞ ከርሞ የለም! ማሽኑን እያንጠባጠበ ጥሎት መሄዱን ሲያስበው አንጀቱ ቅጥል አለ።

ጠብታ የአምራች ጽሑፍ አያምንም። እንደ ልማዱ ቁራጮቹን በሦስት ብልቃጥ ዘይት ነክሮ ቤቱ መስኮት ላይ ደረደረ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነው መመሪያው። በየዓመቱ መስኮቱ ላይ ጥቁሩ ፈተናውን ያልፋል፤ በየዓመቱ ማሽኑ ላይ ይደርቃል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የአምራቹ ነው።

ሚስቱ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ምድጃዋ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ይውላል። በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ሲመለስ መስኮቱ ባዶ ነው።

«ብልቃጦቼስ?»

«ምድጃው አናት ላይ ናቸው። መስኮት መክፈት አቃተኝ እኮ! ከደረደርካቸው ማግስት ነው ያነሣኋቸው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ ሠራሽኝ!»

እየተቆጣ ከፈታቸው። ጥቁሩ እንደ ሚስማር ደርቋል። ቀዩ አብጦ ተልፈስፍሷል። ቡናማው ግን ልክ እንደገባ ነው፤ ቢያጥፈው ይታጠፋል፣ ሲለቀው ይመለሳል።

ጠብታ ብልቃጡን ሲነካው ትኩስ ነው። የማሽኑ ዘንግ እሳት ነው፣ እጅ አያስነካም፤ እሱ ጎማውን ሲፈትን የኖረው ነፋስ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት! መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለች።

«መሐንዲሷ አንቺ ነሽ ለካ!»

ቡናማው ተገጠመ። ወር ሞላ፣ ሁለተኛው ወርም አለቀ፤ ጠብታ አላመነም፣ ጎህ ሲቀድ እየሄደ ያጎነብሳል። በመጨረሻው የሥራ ቀኑ ጠዋት ትሪውን በጣቱ ጠረገና ጣቱን አየው። አቧራ ብቻ ነው። የዘይት መጥረጊያ ጨርቁን እንደያዘ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው፤ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«ዛሬም ደረቅ ነው!»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ? ዳቦው ሳይበርድ ና!»

ፈረቃው ሊገባ ገና ሰዓት ነበረው። ሄዶ በላ።